ስድስት ባዶ ቴፕ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ማንንም ሳልጠይቅ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ፣ ቶሎ የምቆጣ፣ ስሳሳት ደግሞ ድምፄን ከፍ የማደርግ ሰው ነበርኩ። እናቴ «ምሕረት ብዬ ስም ማውጣቴ ባከነ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ፣ በአራት ቀን ውስጥ የሆነ ነው። ብዙው ነገር እስካሁን ግራ እንዳጋባኝ አለ። ስጨርስም ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታያችኋል ብዬ ቃል አልገባም።

ተወልጄ ያደግሁት ገረሴ ነው። በኮምፒውተር ተመርቄ አርባ ምንጭ፣ በላይኛው ከተማ ሴቻ ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ፤ ስሙ ይቆየን። ከየወረዳው የሚመጡ የመሬት ማህደሮች ስካን ተደርገው አንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣሉ። በተለይ በሽማግሌ ፊት የተፈረሙ የወሰን ስምምነቶች ከዚያ ሌላ የትም አልነበሩም፤ ወረቀቱን ሙቀቱና ምስጡ ተባብረው ጨርሰውታል። የእኔ ሥራ የእነዚህን ፋይሎች ቅጂ መጠበቅ ነበር።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ሰርቨሩ ቢሞት ሁሉም ነገር ተመልሶ እንዲገኝ ቅጂው ቴፕ ላይ ይቀመጣል። ቴፕ ማለት መዳፍ የሚያክል፣ ውስጡ እንደ ድሮ ካሴት ክር ያለው ነገር ነው፤ ሃያ አራቱ አንድ ማሽን ውስጥ ተደርድረዋል። ቅጂው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ሁሉንም ነገር የሚይዘው ሙሉ ቅጂ ነው። ሌላው የዕለት ቅጂ ነው፤ በዚያ ቀን የተነካውን ፋይል ብቻ ይወስዳል፣ አራት ሳምንት ሲሞላው ደግሞ ይጥለዋል። ፋይሉ በመሃል እንደገና ከተነካ አዲሱ ይያዝና አሮጌው ይሞታል። እንዲህ እየሆነ አንዱ ቴፕ ግማሹ የሞተ፣ ግማሹ ሕያው ይሆናል። ማሽኑ ሕያው ሕያውን እየለቀመ ወደ ሌላ ቴፕ ያዛውርና አሮጌውን ባዶ ያደርገዋል። ይህን ማስለቀቅ እንለዋለን። አንድ ቴፕ ለማስለቀቅ ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ይበቃል።

በዚያን ሰሞን የሰርቨሩ አንድ ዲስክ ሞቶ ሁለተኛው ማቃሰት ጀምሮ ነበር። ዲስኮቹን የሚቀይሩ ባለሙያዎች ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተነገረን። እነሱ ከመንካታቸው በፊት ሙሉ ቅጂ መውሰድ ነበረብኝ። ሙሉ ቅጂ ስድስት ባዶ ቴፕ ይፈልጋል። ያለኝ አንድ ነበር። አዲስ ቴፕ በግዥ ይምጣ ቢባል ከወር በፊት አይደርስም። የመጨረሻው ሙሉ ቅጂ ደግሞ ሰባት ሳምንት አልፎታል፤ ባዶ ቴፕ እያጣሁ «በሚቀጥለው ሳምንት» ስል ነው ሰባት የሞላው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያውን ቴፕ አስለቅቅ ብዬ አዘዝኩት። እስከ ምሳ ሰዓት ያልቃል ብዬ ነበር። ከምሳ ስመለስ ከመቶ ዘጠኝ እጁ ላይ ነው። ዓይኔን አሽቼ እንደገና አየሁት፤ ዘጠኝ። ማሽኑ ቆሞ ቢሆን ይገባኝ ነበር። አልቆመም። ክሩ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሮጣል። ሥራ ላይ ነው፤ ግን የሚያመጣው ነገር የለም።

መጀመሪያ ማንበቢያው ቆሽሿል ብዬ የማጽጃውን ቴፕ አስገባሁ። ለውጥ የለም። ቀጥዬ ሙቀቱ ነው አልኩ፤ የአርባ ምንጭን ሙቀት መቼም ለእናንተ አልነግራችሁም፣ የክፍሉ ማቀዝቀዣም ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነበር የሚሠራው። ከየቢሮው ቬንትሌተር ለምኜ አምጥቼ ደረደርኩ። ምንም። ወደ ሁለተኛው ማንበቢያ ቀየርኩት፤ እዚያም ያው ነው። ወደ ማታ አዲስ አበባ ወዳለው ቢኒያም ደወልኩ። ቢኒያም ይህን ማሽን የተከለልን ባለሙያ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የማይደነግጥ ሰው።

«ፋይሎቹ ትልልቅ ናቸው ትንንሽ?» አለኝ።

«ስካን ናቸው። ትንንሽ።»

«ብዛታቸውስ?»

ቁጥሩን ነገርኩት። «ምሕረት፣ በቀን ይህን ያህል ፋይል የሚነካው ማነው? እዚያ ስንት ሰው ነው የሚሠራው?»

«ማንም። ስካኑ ካለቀ ዓመት ሆነው። ወረዳዎቹም በዚህ ወር ሥልጠና ላይ ናቸው።»

«እንግዲያው የሆነ ነገር በየቀኑ ሺህ በሺህ ፋይል እየለወጠ ነው። ቴፖችሽ ወንፊት ሆነዋል። ማሽኑ ፍርፋሪ ሲለቅም ነው የሚውለው። መጀመሪያ ማን እንደሚነካቸው እወቂ።»

ሐሙስ ጠዋት ይህን ጥያቄ ይዤ ገባሁ። የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። በየሥራ ቀኑ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የአንድ ሙሉ ማህደር ፋይሎች በሙሉ ይለወጣሉ። ትናንት አንዱ፣ ከትናንት ወዲያ ሌላው። የሚለውጠውም አንድ ተጠቃሚ ነው፦ መዝገብ ቤት። መዝገብ ቤት ደግሞ ያለው አንድ ሰው፣ ጋሽ ሻንቆ ብቻ ነው።

ጋሽ ሻንቆን ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በወረቀት ማህደር መሃል ያሳለፉ ናቸው። ሰፈራቸው በታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሴቻ ሲመጡ ከጓሯቸው ሙዝ ወይ ማንጎ ይዘው ለየቢሮው ያድላሉ። እኔን በጋሞኛ ሰላም ይሉኝና «የገረሴ ብርድ ናፈቀሽ?» ይሉኛል። እኚህ ሰው ሺህ የመሬት ፋይል በየቀኑ ምን ሊያደርጉት ይነካሉ?

ከፋይሎቹ አንዱን ከፈትኩ። የወሰን ስምምነት ነው፤ የሽማግሌዎች ጣት አሻራ፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ሰባት ሳምንት ከሞላው ሙሉ ቅጂ ላይ ያንኑ ፋይል አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ሁለቱን አፈጠጥኩባቸው። አንድ ፊደል የተለወጠ አላየሁም። መጠናቸው ግን ትንሽ ይለያያል። ምን እንደተለወጠ አለመታየቱ ይባስ አስፈራኝ። መሬት ነው እኮ። አንድ ክንድ ወሰን ስንት ሰው እንደሚያጣላ ለገረሴ ልጅ አይነገርም።

ወደ አለቃዬ ወደ አቶ ደጉ ሄድኩ። አቶ ደጉ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር እንዳይመጣባቸው ብቻ የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው። ከሰርቨሩ መዝገብ ያተምኩትን ወረቀት ሁለቴ አነበቡት።

«ሻንቆ? ሻንቆ ኮምፒውተር መች በወጉ ያውቃል?»

«መግቢያው የእሳቸው ነው።»

«ሌላ ሰው በስሙ ገብቶ ይሆን?»

«ጌታ ይወቅ። እኔ ዞሮብኛል።»

«እንግዲያው አትጠይቂው። ከጠየቅሽው ማስረጃ ያጠፋል። መግቢያውን ዝጊና በደብዳቤ አሳውቂኝ።»

አንባቢዎቼ፣ እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። ከእኔ ጠረጴዛ እስከ መዝገብ ቤት ሃያ እርምጃ ነው። ሄጄ «ጋሽ ሻንቆ፣ ጠዋት ጠዋት ምን ይሠራሉ?» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልሄድኩም። ትእዛዝ ስለሆነ ነው እንዳልላችሁ፣ ብዙ ትእዛዝ አልፌ አውቃለሁ። ያወቅሁ መስሎኝ ነው። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ መግቢያቸውን ዘጋሁት። «የመሬት ፋይሎችን ያለ ፈቃድ በመለወጥ የሚጠረጠሩ» ብዬ ስማቸውን ከነአባታቸው ጽፌ ፈረምኩ።

ሩብ ሰዓት አልቆየም፣ በሬ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ያ ነገር አልከፈት አለኝ» አሉ ጋሽ ሻንቆ። ሁለት ሙዝ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «የሚስጥር ቁጥሬን ሦስቴ ጻፍኩ። እምቢ አለ።»

«እየተስተካከለ ነው» አልኩ፤ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

«ዛሬ ይከፈታል?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ ይዘገያል» አሉ። ቆሙ። «የዛሬው ተራ እንዳያልፍብኝ ነው። ለአንድ ሰዓት ብቻ ክፈቺልኝ፣ ሌላ አልነካም።»

የምን ተራ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እንዲያውም ደሜ ፈላ። ሰውየው ፊቴ ቆሞ ለወንጀሉ ፈቃድ የሚለምነኝ መሰለኝ። «ጋሽ ሻንቆ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ከሰዓት በኋላ አቶ ደጉ ጠርተው እስከ ሰኞ ቤታቸው እንዲቆዩ ነገሯቸው፤ ለምን እንደሆነ አልነገሯቸውም።

ይህን ሁሉ አድርጌ ቴፑ ይፈጥናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልፈጠነም። እንዴት ይፍጠን፣ አሮጌዎቹ ቴፖች አንዴ ወንፊት ሆነዋል። ይህን ያኔ አላሰብኩትም፤ የተያዘው ሰው ተይዞ ነገሩ ለምን አልተስተካከለም እያልኩ ብቻዬን አጉረመርም ነበር። ወደ ማታ የጀመርኩትን አቋርጬ፣ ሲስተሙ ዕድሜያቸው ያለፈውን ከለየ በኋላ ሕያው ነገር በጣም ያነሰበትን ቴፕ መርጦ እንዲያስለቅቅ አዝዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓርብ ጠዋት ስገባ አንድ ቴፕ ተለቆ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ያልተነቃነቀ ነገር፣ ይህኛው ምን ነክቶት ነው በአንድ ጊዜ የተለቀቀው? ውስጡን ባየው ሕያው ነገር የለበትም ማለት ይቻላል፤ ሐሙስ ማታ ነው አብዛኛው ዕድሜው ያለፈው። ምክንያቱን አልመረመርኩም። «ተመስገን» ብዬ አለፍኩ።

አሁን ሁለት ባዶ አለኝ። አራት ይጎድለኛል። ሌሎቹ ቴፖች በዚያ አካሄዳቸው ለቅዳሜ አንዱም አይደርስም። አቶ ደጉ መጥተው ከጀርባዬ ቆሙ።

«ያ የድሮው ሙሉ ቅጂ ስንት ቴፕ ይዟል?»

«አራት። ያ ተጨምቆ የተጻፈ ነው፤ ለአሁኑ መጨመቂያ ጊዜ የለም።»

ሁለታችንም ደመርን። ሁለትና አራት ስድስት ነው።

«እያዘዝኩሽ አይደለም» አሉ። «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።»

ለቢኒያም ደወልኩ። ነገሩን ስነግረው ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «አታድርጊው። አዲሱን በእጅሽ ሳትይዢ አሮጌውን አትንኪ። ቅዳሜን አራዝሙት።»

«ዲስኩ እስከዚያ ቢሞትስ?»

«አሮጌው አለሻ።»

«የሰባት ሳምንት ነው።»

«ይሁን።»

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንዱ አድርጊው ይላል፣ አንዱ አታድርጊው ይላል። ቀኑ እንዲራዘም ደብዳቤ ብጽፍ «ለምን ሙሉ ቅጂ የለሽም» ተብሎ የሰባቱ ሳምንት ጉዳይ ሊወጣ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የወሰነልኝ ይህ ፍርሃት ነው። አራቱን ቴፕ ምንም ቅሪት እንዳይኖርባቸው አድርጌ በእጄ ሰረዝኳቸው። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ስድስት ባዶ ቴፕ ይዤ ሙሉ ቅጂውን አስጀመርኩ። የመጀመሪያው የተጻፈው ጠዋት በተለቀቀው ቴፕ ላይ ነበር።

በደንብ ሄደ። ለምሳ አልወጣሁም። ስምንት ሰዓት ላይ ከግማሽ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ማሽኑ ቆመ። ስክሪኑ ላይ «የሚነበብ ነገር የለም» የሚል መልእክት መጣ። ወደ ሰርቨሩ ሮጥኩ፤ ሁለተኛው ዲስክ ቀይ መብራት አብርቷል። የእኛ ሰርቨር አንድ ዲስክ ሲሞትበት ይችላል፣ ሁለት ሲሞትበት አይችልም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አዲሱ ቅጂ ግማሽ ነው፣ ግማሽ ሙሉ ቅጂ ደግሞ አይከፈትም። አሮጌውን እኔ ነኝ የሰረዝኩት። ጌታ ሆይ ምን አደረግሁ አልኩ፣ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ቢኒያም አልተቆጣኝም። «ስሚኝ» አለኝ፤ «አሁኑኑ ዕድሜ ማሳለፉን አቁሚው። ዛሬ ምንም ነገር እንዳይሞት። ከዚያ የዕለት ቅጂ ላይ ምን እንዳለሽ ዘርዝሪ።»

«የዕለት ቅጂ የተነካውን ብቻ ነው የሚይዘው። የነካ የለም።»

«አንድ ሰው ነክቷል ብለሽኝ አልነበር?»

አቆምኩት። ዝርዝሩን አወጣሁ። አየሁ፣ ጠፋብኝ፣ እንደገና አየሁ። የወረዳዎቹ ማህደሮች አንድ ባንድ ተራ ይዘው አሉ። ሃያ ማህደር ነው ያለን፤ አሥራ ዘጠኙ ከነሙሉ ፋይላቸው ቴፕ ላይ ተቀምጠዋል። ያ ሌባ ነው ብዬ የጻፍኩበት ሰው እያንዳንዱን ፋይል በአራት ሳምንት ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ነክቷል። ስለነካውም ማሽኑ ይዞታል። ቴፖቼን ወንፊት ያደረገው ነገር አገሩን ሙሉ አድኖልኛል። ከሃያው የጎደለው አንዱ የካምባ ወረዳ ማህደር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባለሙያዎቹ ለዲስኩ ሲመጡ ለአቶ ደጉ ትቼላቸው በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ጋሽ ሻንቆ ግቢያቸው ውስጥ ከሙዙ ሥር ውሃ ያጠጡ ነበር። ሲያዩኝ ቱቦውን ጥለው ወንበር አመጡ። ባለቤታቸው ማንጎ ቆርጠው አቀረቡልኝ፤ አልነካሁትም።

«ጋሽ ሻንቆ፣ ጠዋት ጠዋት ፋይሎቹን ምን ያደርጓቸዋል?» አልኳቸው። ሐሙስ መጠየቅ የነበረብኝን ነው።

«አናፍሳቸዋለሁ» አሉ፤ እንደ ተራ ነገር።

«እንዴት አድርገው?»

«አንዱን መሳቢያ እከፍታለሁ። ሁሉንም እመርጣለሁ። ወደ ቀኝ አዞራለሁ፣ ከዚያ ወደ ግራ እመልሳለሁ። ስካን የምትሠራዋ ልጅ የተጋደመውን ስታቃና አይቼ ነው የተማርኩት። እንደ ማገላበጥ ነው።» እጃቸውን ገልበጥ መለስ አደረጉልኝ። «ወረቀት ሆነው ሳሉም በወር አንድ ጊዜ አገላብጣቸው ነበር። ያልተገለበጠው ሥር ምስጥ ይገባል። የካምባውን ታች መደርደሪያ ታምሜ ሁለት ወር ሳልነካው ነው የበላብኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ስካኑ ተርፎ ባይሆን…»

«ኮምፒውተር ውስጥ ምስጥ የለም እኮ» አልኩ።

«እሱን አውቃለሁ ልጄ፣ ልጅ አይደለሁም» አሉ ፈገግ ብለው። «ግን አንቺ ራስሽ አስተማርሽን። አዳራሹ ውስጥ ቆመሽ ‹አራት ሳምንት ያልተነካ ከቅጂ ይወጣል› አላልሽም? ጻፍኩት እኮ። ሃያ መሳቢያ ነው፣ አራት ሳምንት ደግሞ ሃያ የሥራ ቀን ነው። በቀን አንድ አንድ ካልኩ አንዱም አያልፍብኝም አልኩ።»

ብዬ ነበር። የዕለት ቅጂውን ማለቴ ነበር፤ ሌላውን ሙሉው ቅጂ ይይዘዋል ብዬ አላብራራሁም። ቸኩዬ ነበር፣ ለምሳ። እሳቸውም እጃቸውን አውጥተው አልጠየቁኝም፤ እኔ ፊት እጅ አውጥቶ መጠየቅ ቀላል አልነበረም።

«ሐሙስ የማን ተራ ነበር?» አልኳቸው፤ መልሱን እያወቅሁት።

«የካምባ» አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩ። «ሳይነካ አለፈ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብዳቤውንም፣ ስማቸውን ከነአባታቸው መጻፌንም። የዓርቡ ተራ የገረሴ ነበር፤ ቢኒያም በጊዜ ስላስቆመኝ ለጥቂት ተርፏል። የካምባው ሐሙስ ማታ ዕድሜው አለፈ። እንዳይነኩት ያደረግሁት እኔ ነኝ። እንዲያም ሆኖ አሮጌው ሙሉ ቅጂ ላይ ነበር፤ እሱን ዓርብ ሰረዝኩት። በመጨረሻም የሞተው ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ቴፑ ላይ ሳይጠፋ ይቆያል፣ ባለሙያ ሊያወጣው ይችላል። ግን ያ ቴፕ፣ ለብቻው ቶሎ የተለቀቀው፣ የካምባ ነበር። ቶሎ የተለቀቀውም የካምባ ፋይል ሁሉ ስለሞተበት ነው። ተመስገን ብዬ ሌላ ጻፍኩበት። ከሦስቱ አንዱን ባላደርግ ካምባ ትኖር ነበር።

ተንበረከኩ። በእኛ አገር ጥፋተኛ ይቅርታ ሲጠይቅ እርጥብ ሣር ይይዛል፤ እኔ ግን በእጄ የነበረው የሚኒባስ ቲኬት እስኪያክል ያጣጠፍኩት ወረቀት ነው፣ የደብዳቤው ቅጂ። ጋሽ ሻንቆ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት። ተቆጥተው ይሆን፣ አዝነው ይሆን፣ መለየት አቃተኝ። ከዚያ እጄን ይዘው አስነሱኝ።

«እኔን ተዪኝ» አሉ በጋሞኛ። «ይቅርታ ካምባ ነው ያለው።»

ሰኞ አቶ ደጉ ሪፖርት እንድጽፍ ጠየቁኝ። «ሻንቆ መቼም ሊወጣ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደብዳቤውም አስቀድሞ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ፋይሎቹን የነካካው እሱ ነው ብትይ ውሸት አይሆንም።» ውሸት አለመሆኑ ነው የከፋኝ። ደብዳቤዬን በደብዳቤ ሻርኩት፣ የሆነውን እንደሆነው ጻፍኩ፣ የሰባቱን ሳምንት ጨምሬ። ደመወዜ ተቀጣ፣ ዕድገቴ ቀረ፣ አልተባረርኩም። የሞቱት ዲስኮች አዲስ አበባ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ከዚያ ካምባ ሄድን፣ ጋሽ ሻንቆና እኔ። አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሰናል። ባለይዞታዎቹ የይዞታ ደብተራቸው አላቸው፤ የጠፋው በየወሰኑ የተደረገው ስምምነት ነው። በየቀበሌው ሽማግሌዎች ሕዝቡን ዱቡሻ ላይ፣ በመሰብሰቢያው ሜዳ፣ ሰበሰቡልን። በገረሴ ጋሞኛዬ ቆሜ «ወረቀታችሁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ሰው ሲጮህብኝ ብቆም ይቀለኝ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ ወሰን ለወሰን እየተጓዝን፣ ጎረቤት ለጎረቤት እያቆምን፣ እንደገና ጻፍን። ጋሽ ሻንቆ ከዓመታት በፊት ያገላበጡትን ወረቀት ብዙውን በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ «እዚህ ጋ ሦስት ድንጋይ ነበር» ሲሉ ሦስት ድንጋይ እናገኛለን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከቴፕም ከሰርቨርም ጋር ጉዳይ የላችሁም። እኔም ቴፕ እንድትወዱ አይደለም የጻፍኩት። ለሰው ሳስረዳ የምቸኩል ሰው ነበርኩ፤ ሰውም ያልገባውን እንዳይጠይቀኝ የሚያደርግ ፊት ነበረኝ። አሁን በስልጠና መጨረሻ እያንዳንዱን «ያልኩትን መልሰህ ንገረኝ» እላለሁ፤ ይሰለቹኛል፣ ግድ የለኝም። የማንንም ስም ደብዳቤ ላይ ከመጻፌ በፊትም ሃያውን እርምጃ እሄዳለሁ። ግን ጋሽ ሻንቆ ያደረጉት ስህተት ነበር ወይስ ትክክል ብትሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው ባያገላብጡ ቴፖቼ አይሞሉም ነበር፣ ሙሉ ቅጂዬም በየሳምንቱ ይወሰድ ነበር። እሳቸው ባያገላብጡ ደግሞ በዚያ ዓርብ ሃያውም ማህደር በጠፋ ነበር። አስባለሁ፣ ይምታታብኛል፣ እተወዋለሁ።

ካምባ ላይ የጠፉት ስምምነቶች ሁሉ ተጽፈው ተፈርመዋል፣ ከአንድ በቀር። አቶ ዳናና አቶ ኦይቻ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመሃላቸው አንዲት ምንጭ አለች። በምንጯ ሲጋጩ ኖረው፣ ሽማግሌ ብዙ ደክሞ አስታርቋቸው፣ ተቃቅፈው ፈርመው ነበር። ወረቀቱ ጠፋ ስንላቸው አቶ ዳና «እንግዲያው ምንጯ የእኔ ናት» አሉ። ጋሽ ሻንቆ ስምምነቱን ያስታውሳሉ፣ የምንጯን መስመር ግን ያን ጊዜ በዓይናቸው አላዩም፤ መማል አልችልም አሉ። ሽማግሌዎቹም ከሞቱ ቆይተዋል።

ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልኩት። ከመታረቃቸው በፊት በተለያየ በር ይገቡ ነበር አሉ፤ አሁንም እንደዚያው ተመልሰዋል። የኦይቻ ሚስት ለውሃ ወንዝ ድረስ ትወርዳለች። ባለፈው ወር ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም በየቤታቸው ለመንኩ። አልፈረሙም።